የአንባቢ ምስክርነት

መስከረም በጠባ ቁጥር ብዙዎቻችን በማስታወሻ ደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር እንጽፋለን፦ «ዘንድሮ 24 መጽሐፍ አነባለሁ።» ዕቅዱ መልካም ነው። በቀን 20 ገጽ የሚያነብ ሰው 400 ገጽ ያለውን ልብ ወለድ በ20 ቀን ይጨርሳል፤ ያለ ዕቅድ ግን ያው መጽሐፍ ትራስ ሥር ሊከርም ይችላል። ነገር ግን፣ የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ቁጥሩ ለምን ይጠቅመናል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ እናገኘዋለን። ፊልጶስ ቀርቦ ምን ያህል እንዳነበበ አልጠየቀውም፤ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው እንጂ። ጃንደረባውም የገባው ለመምሰል አልሞከረም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ። በአንድ ክፍል ላይ ቆም ብሎ መጠየቁ እስከ ጥምቀት አደረሰው። 24 መጽሐፍ ጨርሶ አንዱም ቆም ያላደረገው ሰው ግን ገጽ ቆጠረ እንጂ አነበበ ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስላነበብነው የምንናገረው ነው። በወጣቶች ፕሮግራም የልብ ወለድ ዳሰሳ ስታቀርቡ ያላነበቡት ሰዎች የእናንተን ቃል አምነው መጽሐፉን ይገዙታል ወይም ይተዉታል። ስለዚህ ምስክሮች ናችሁ። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ደግሞ የተከለከለ ነው፤ በአዳራሹ ተገኝቶ መልስ ሊሰጥ የማይችለው ደራሲም ባልንጀራችን ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን ልብ ወለድ «ዓለማዊ የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እንዳያገባ የሚከለክለው ምንድን ነው? ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲመኩ የሚናገሩት የደራሲው እምነት ነው ወይስ ደራሲው እንድንመረምረው ያቀረበልን ኩራት? ጉዱ ካሳ እንደ እብድ የሚቆጠረው ስለ ተሳሳተ ነው ወይስ እውነት ስለ ተናገረ? እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀ አንባቢ ወደ ራሱ ቤት መምጣቱ አይቀርም፦ እኛ አማኞችስ ልጆቻችንን ስንድር ዘር አንቆጥርም?

ነቢዩ ናታንም ለዳዊት የነገረው ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ የሚናገር ታሪክ ነበር። ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ ተቆጥቶ ፈረደ፤ ሰውዬው ራሱ መሆኑን ያወቀው ከፈረደ በኋላ ነው። ጥሩ ልብ ወለድም አንዳንዴ እንዲህ ያደርገናል።

«ታዲያ ሁሉም ይነበብ ማለትህ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሕሊናችሁን የሚያቆሽሽባችሁን መጽሐፍ ዝጉት። ግን ስለ እርሱ ስትናገሩ «60ኛው ገጽ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» በሉ፤ እንደ ጨረሰ ሰው አትፍረዱ። ደግሞም «የወንድማችን መጽሐፍ ነው» ብላችሁ በደንብ ያልተጻፈውን አታወድሱ። ያልተገባ ውዳሴም የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ጸሐፊውን እንዳያድግ፣ አንባቢውንም እንዳያምናችሁ ያደርጋል።

እንግዲህ ለዘንድሮ በወር አንድ፣ በጠቅላላው 12 መጽሐፍ ብታቅዱስ? በጳጉሜ ቀናት ደግሞ ከመካከላቸው ጠንከር ያለ ጥያቄ የጠየቃችሁን አንዱን እንደገና ግለጡት። በደብተራችሁም ከእያንዳንዱ ርእስ አጠገብ የጨረሳችሁበትን ቀን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ የጠየቃችሁን አንድ ጥያቄ ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ 12 ሳይሞላ 7 ብቻ ቢሆን አትፈሩ፤ ሰባት እውነተኛ ጥያቄ ይዞ በእግዚአብሔር ፊት መቅረብ ትንሽ ነገር አይደለም።