ጎተራው ሲሞላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 በገብር ኄር ሰንበት ወንጌል ነግዶ ያተረፈው አገልጋይ ይመሰገናል፤ መክሊቱን ቆፍሮ የቀበረው ይወቀሳል (ማቴ. 25)። ሠርቶ ማትረፍ ኃጢአት ነው የሚል ካለ ይህን ምዕራፍ ያንብብ። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ እየበዛ ሲሄድ ድካሙን የምናቆመው መቼ ነው?

ጥያቄውን ያመጣችብኝ ከሐይቅ አካባቢ ሄዳ በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ የንስሐ ልጄ ናት፤ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው። በአምባሰልም ሆነ በተሁለደሬ ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ስትሄድ ያሰበችው የወላጆቿን ቤት ቆርቆሮ ማልበስና የወንድሟን ትምህርት ማስጨረስ ነበር። በሁለት ዓመት የደላላውን ዕዳ ከፈለች፣ ቤቱም ቆርቆሮ ለበሰ። ከዚያ "ቦታ ልግዛ" አለች፤ ተገዛ። "ቤት ልሥራበት" አለች፤ ግድግዳው ቆመ። አሁን ደግሞ "ለሱቅ መነሻ" ትላለች። ስድስት ዓመት ሞላት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝታ 11 ሰዓት ትነሣለች። ጾሙን የምትይዘው በዳቦና በሻይ ነው፤ ከሄደች ጀምሮ ሥጋ ወደሙ አልተቀበለችም። የእናቷ ዓይን ደክሟል፤ ልጃቸውን የሚያውቋት በስልክ ድምፅ ብቻ ሆኗል።

"አባቴ፣ ውሉን ላድስ ወይስ ልምጣ? ገንዘቡ ገና መጠራቀም ሲጀምር መተው ሞኝነት አይሆንም?" አለችኝ።

"ነይ" ልላት ስል ምላሴን ያዝኩ። ሲልኩላቸው የሚመርቁ፣ ሲመለሱ ፊት የሚነሱ ብዙዎች ናቸው። እኛስ ብንሆን ለሕንፃ ማሠሪያ ስንል ስንት ጊዜ ስሟን ጠርተናል!

ዮሴፍ ጎተራ ሞልቷል (ዘፍ. 41)፤ በሉቃስ ወንጌል ያለው ባለጠጋም እንዲሁ (ሉቃ. 12)። ዮሴፍ ግን የሚያከማችበት ዘመን ሰባት ዓመት ተብሎ ተቆርጦለታል፤ የሚበላውም ሕዝብ ይታወቃል። ረኃቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። ያ ባለጠጋ ሲሞላበት ያሰበው አፍርሶ የሚበልጥ መሥራትን ነው። ከራሱ በቀር የሚበላለት ሰው አላነሣም። በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተጠየቀች።

ለሐይቅ ልጅ ምሳሌው ደጇ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ከእግራቸው ሥር ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። እዚያው ቢቀሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ነገር ግን የመጡበት ሲፈጸም ተመርቀው ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። የሐይቅ አበምኔት የማዕረግ ስምም ዐቃቤ ሰዓት ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። የልጅቱን ገንዘብ ባንክ ይጠብቅላታል፤ ሰዓቷን ማን ይጠብቅላት?

"ልጄ፣ ወረቀት አምጪ" አልኳት። "ስትሄጂ ለእግዚአብሔር የነገርሽውን ጻፊ። በኋላ የጨመርሽውን ከሥሩ ጻፊ። በየመስመሩ የሚጠቀምበትን ሰው ስም አስቀምጪ። ዕዳ ካለ፣ የሚታከም ሰው ካለ ቆይቶ መክፈል ጽድቅ ነው። ስም ያጣሽለት መስመር ላይ ስትደርሺ ግን ለእርሱ ስንት ሌሊት፣ ስንት ቅዳሴ እንደምትከፍዪ አጠገቡ ጻፊ። ያለሽ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ወር እንደሚያኖርሽም አስዪ፤ ሳያሰሉ መመለስ መልሶ ለደላላ ይሰጣል።"

በሦስተኛው ቀን ደወለች። የወንድሟ ትምህርት አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ለእርሱ የሚሆነው ተቀምጧል። ከትልቁ ሱቅ አጠገብ የምትጽፈው ስም አጣች። "የጎረቤት ዓይን ብዬ ልጻፍ እንዴ አባቴ?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቶ ነበር።

የያዘችውን ውል ጨርሳ ሌላ አትፈርምም። በአነስተኛ ሱቅ ልትጀምር አስባለች፤ እርሱም ቢሆን ያስፈራታል፣ አልዋሽም። ለኅዳር 26፣ ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል እደርሳለሁ ብላለች። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ፣ የእናቷን እጅ ይዛ ከውጭ ሆና ልትሳለም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።