ቃልና ምስክር

ለሰው የተሰጠው ቀን አንድ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ቀኑን በሁለት መዝገብ ከፍለን እንይዛለን፤ የሥራው ቀጠሮ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር፥ የቤቱ ቀጠሮ በእጅ ስልካችን ይጻፋል። አንዱ መዝገብ ሌላውን አያውቀውም። በአገራችንማ ችግሩ ይበረታል፤ እኛ 9 ሰዓት የምንለውን ኮምፒዩተሩ 15 ሰዓት ይለዋል፤ የቤታችንም ዓመት 13 ወር ሲኖረው የኮምፒዩተሩ 12 ብቻ ነው።

ስብሰባ በተጠራበት ሰዓት እናታችንን ወደ ሐኪም ለማድረስ ቃል ገብተን ቢገኝ የትኛው ይረታል? ብዙ ጊዜ የሚረታው ስብሰባው ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ስብሰባውን ባልደረቦቻችን ሁሉ ያዩታል፤ ለእናታችን የሰጠነውን ቃል ግን ከእርሷና ከእኛ በቀር የሚያየው የለም። እንግዲያውስ ቃል የሚከበረው ምስክር ሲኖረው ብቻ ነውን? እንዲህ ከሆነ የፈራነው ሰውን ነው እንጂ ያከበርነው ቃልን አይደለም።

የመንግሥት ሰዓት ለመንግሥት ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በግልጥ የተጠየቀ ፈቃድ፥ ተደብቆ ከመቅረትም እናትን ከማሳዘንም ይሻላል። መሣሪያውም ቢሆን ዝርዝሩን ሳይገልጥ ሰዓቱ መያዙን ብቻ ለባልደረባ ለማሳየት ይችላል፤ የቤት ምስጢር አይወጣም። የጐደለን መሣሪያ ሳይሆን ድፍረት ነው። ለቤቱ የገባውን ቃል በየጊዜው የሚያፈርስ ሰው፥ በመሥሪያ ቤቱ ታማኝ ቢባል ታማኝነቱ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ ነው።