በልብ የተሰመረ ሐዲድ

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የጎትሃርድን ዋሻ ሲያቋርጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ማታ ማታ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በረንዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ እሱ ግን ያለው ስዊዘርላንድ ነው። የሚጫወተው የባቡር ሲሙሌተር ነው። መሸናነፍ የለ፣ መገዳደል የለ፤ ባቡር መንዳት ብቻ። 57 ኪሎ ሜትሩን ዋሻ በሰዓት 200 እየነዳ አሥራ ሰባት ደቂቃ ያህል ጨለማው ላይ አፈጠጠ፤ እኔም አብሬው አፈጠጥሁ። ብርሃን ላይ ሲወጣ ዘወር አለና፣ «ጋሼ፣ የእኛ ለምንድን ነው የሌለው?» አለኝ።

በዚያ ሰሞን ለጌሙ ሠሪዎች አዲስ መስመር ሊያቀርብ እየተዘጋጀ ነበር። የመረጠው የበርንና የዙሪክን ነው። በዚያ መካከል፣ ከማትሽቴተን እስከ ሮትሪስት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተ 45 ኪሎ ሜትር ፈጣን ሐዲድ አለ፤ እሱ ይኼንኑ በሁለቱም ጫፍ አስረዝሞ ፍጥነቱን 250 ሊያደርሰው አስቧል። ሃያ ስድስት ዓመት ቀያሽ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። «የእነሱን እነሱ ይቀይሱት፤ እኛ ከባሕር ዳር ጎንደር እንቀይስ» አልኩት። ባሕር ዳር ሐዲድ አታውቅም። ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከዓመታት በፊት ባወጣው የአገር አቀፍ ካርታ ላይ ግን ወደ ወረታና ወደ ወልዲያ የሚዘልቅ መስመር ተሰምሮላት ነበር። የዚያም ቦታው ወረቀት ነው፤ የእኛም ቦታው ስክሪን ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአትን በሦስት ትከፍለዋለች፤ በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር። ያሰብከው፣ የተናገርከው፣ የሠራኸው። ልጅ ሆኜ የመጀመሪያው በጣም ይከብደኝ ነበር። ያላደረግሁት ነገር እንዴት ይጻፍብኛል? ጌታ በተራራው ስብከት ላይ በዓይን የተመኘውን ሰው በልቡ እንዳደረገው መቁጠሩን የኔታ ሲተረጉሙልን፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ሐሳቤን ራሱ መፍራት ጀምሬ ነበር። አሁን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ያው ጥያቄ በሌላ በር ገባ። ማንም በማይሠራው ሐዲድ፣ ማንም በማይሳፈርበት ባቡር፣ በደል ሊኖር ይችላል? ደግ ሥራስ?

ልጁ መጀመሪያ ያሰመረው ቀጥታ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 112 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 250 ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ችግሩ ያ ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በሐይቁ ላይ መሆኑ ነው። «ድልድይ ነዋ!» አለኝ። በጌሙ ድልድይ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማውሱን መጎተት ብቻ ነው። ጣና ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ መሐንዲስ ከጨከነ ምሰሶ ይተክልበታል። እኔ ግን ታንኳ ላይ ሆኖ ወደ ደሴቶቹ የሚቀዝፈው ሰው ታየኝ። ደንገል አስሮ የሠራት ታንኳ ውኃ እየጠጣች ስትከብድ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል፤ እንደ ገና ይገባል። ከራሱ በላይ በየግማሽ ሰዓቱ ብረት እያጓራ ሲያልፍ አሰብሁና «አይሆንም» አልኩ። ለምን እንዳልሆነ ለልጁ ማስረዳት አቃተኝ። «ጋሼ፣ እኮ ጌም ነው» አለኝ።

ስለዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ዞርን። አባይን ተሻግረን በዘንዘልማ፣ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በማክሰኝት። እዚህ ላይ ሙያዬ አገለገለኝ። በሰዓት 250 የሚሄድ ባቡር ሲታጠፍ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ሬዲየስ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሬዲየሱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፈጣን ሐዲድ ግትር የሚሆነው ለዚህ ነው። የመኪና መንገድ ጉብታውን ይዞራል፣ ለሾላው ዛፍ ገለል ይላል፤ ፈጣን ሐዲድ አንዴ ካቀና ለማንም አይመለስም። ኢሳይያስ ስለሚሞላው ሸለቆና ዝቅ ስለሚለው ተራራ የተናገረውን ስሰማ ሁልጊዜ ቆረጣና ሙሌት ነው የሚታየኝ፤ በሥራዬ ምክንያት ነው። ግን ያ መንገድ የሚጠረገው ለሚመጣው ጌታ ነው። እኛ የምንጠርገው ለማን እንደሆነ በየችካሉ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

ፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ልጁ ደስ አለው፤ ጠረጴዛ የመሰለ አገር ነው። እኔ ግን ክረምቱን አውቀዋለሁ። ጉማራና ርብ ከምሥራቅ ሞልተው ወርደው በሩዙ ማሳ ላይ ይተኛሉ፤ ቀስ ብለው ወደ ጣና ይገባሉ። በዚያ ላይ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው የሐዲድ ሙሌት ብታጋድምበት ግድብ ሠራህ ማለት ነው። ውኃው ከሐዲዱ በስተ ምሥራቅ ይጠራቀምና በገበሬው ቤት ይገባል። ስለዚህ ሜዳውን በሙሉ በምሰሶ ላይ ማለፍ፣ ወይም በየመቶ ሜትሩ ሰፊ ማፋሰሻ መክፈት ግድ ነው። በጌሙ ውስጥ ጎርፍ የለም። ወንዙ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ አይሞላም፣ አይጎድልም። የጌሙን አደጋ ያየሁት እዚህ ነው፤ የምትበድለው ሰው ስለማይጮህ ያልበደልክ ይመስልሃል።

ከሐሙሲት ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደን መጣብን። ደቡብ ጎንደርን ከሳተላይት ላየው ሰው አገሩ ሁሉ እርሻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ክብ አረንጓዴ ጠብ ብሏል። እያንዳንዷ ጠብታ ታቦት ያለባት ናት። ዙሪያው ሲመነጠር የተረፈው ጥድና ወይራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መስመራችን ከእነዚህ አንዱን በመሐሉ አለፈ። ልጁ ደኑን በማውሱ ከበበና ዴሊት አለው። ድምፅም አልነበረው። ክቡ ጠፋ፤ ሐዲዱ ተዘረጋ።

ያን ጊዜ ያስታወስሁት ሌላ ነገር ነው። ሜጫ ውስጥ የገጠር መንገድ ስንቀይስ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ቢሮ ተቀምጬ በካርታ ያሰመርኩት መስመር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አውድማ ላይ ወደቀ። ችካሉን ስንመታ መጥታ ቆመች። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ልጄ፣ ይኼን ስታሰምር እኔን አይተኸኛል?» አለችኝ። «ንድፉ ከላይ የመጣ ነው እናቴ» አልኳት። ከላይ የሚባለው እኔው ራሴ ነበርኩ። ካሳዋ ሁለት ክረምት ዘግይቶ ወጣላት። አውድማውን የወሰድኩባት በገቢር ነው፤ የዋሸኋት በነቢብ ነው፤ ሁለቱም ግን የጀመሩት ቢሮ ውስጥ፣ እርሳሱን ይዤ ባዶ ወረቀት ያየሁ በመሰለኝ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። እሷ ነበረችበት።

ልጁን «መልሰው» አልኩት። መለሰው።

ይኼ የኀልዮ በደል ከሆነ፣ የኀልዮ ደግነትም ሊቆጠር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዬ ዳዊት ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ተመኘ፤ አትሠራውም ተባለ። ነገር ግን ማሰቡ ራሱ መልካም ሆኖ ተቆጥሮለታል፤ ሰሎሞን ቤቱን ባስመረቀ ቀን ይህንኑ ለሕዝቡ ተናግሯል። ዳዊት ንድፉን አዘጋጅቶ፣ ወርቁን መዝኖ፣ ለልጁ አስረክቦ ነው የሞተው። አንድ ድንጋይ አላኖረም።

በእኛ አገር ባቡር የሆነውም ከዚህ አይርቅም። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገባ፤ ያ ዓመት የአሮጌው የጎትሃርድ ዋሻ ሥራ ተቋራጭ ሉዊ ፋቭር ዋሻው ውስጥ እንዳለ የሞተበት ዓመት ነው። ኢልግ ለምኒልክ ብዙ ነገር ሠራ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባቡር ሐሳቡ ነው። በ1894 ፈቃዱ ሲሰጥ መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ አባይ ይዘልቅ ነበር፤ በሐሳብ። በገቢር ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ አልወጣም። በ1902 ሜዳው ላይ ደረሰና ድሬዳዋ ተወለደች፤ ሐረርም ከዳር ቀረች። አዲስ አበባ ሲገባ 1917 ነበር። ምኒልክ በ1913፣ ኢልግ በ1916 አርፈዋል። ባቡሩ ፊንፊኔ ሜዳ ላይ ሲያፏጭ ሁለቱም አልሰሙም። ባቡሩን ያሰቡት እነሱ አይደሉም የሚል ግን አላውቅም።

እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው ከሐሙሲት ወዲህ ነው። ልጁ ላፕቶፑን ወስዶ አሳያት። ዓይኗ ደከም ቢልም ወንዙንና ሜዳውን ለየችው። ባቡሩ ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲትን ጥሎ ሲያልፍ እጁን ያዝ አደረገችና፣ «የኔ ጌታ፣ እኔ የት ነው የምወርድ?» አለችው።

መልስ አልነበረንም። ፈጣን ባቡር ካልቆመ ነው የሚፈጥነው። ከማትሽቴተን እስከ ሮትሪስት ባለው አዲስ ሐዲድ ላይ መንገደኛ የሚወርድበት አንድም ጣቢያ የለም። የጎትሃርድ ዋሻ ከሥሯ የሚያልፍባት የዜድሩን መንደርም 800 ሜትር በሚወርድ አሳንሰር ከዋሻው ሆድ ውስጥ ጣቢያ እንዲከፈትላት ታስቦ ነበር፤ ኋላ ቀረ። ስዊዞች ዋሻዎቹን ከመቆፈራቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1992 ሕዝበ ውሳኔ አድርገዋል፤ ይኼ በእኔ ዓይን ትልቅ ነገር ነው፤ ነቢቡ በሕዝብ ፊት አለፈ። ግን ሕዝብ ጠይቆም መንደር ሊቀር ይችላል።

ዝግታ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። እናቴ ለኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16፣ ዘጌ በእግሯ ሄዳ የምታነግስ ሴት ነበረች፤ የስለት መንገድ ሲያጥር ዋጋው የሚቀንስ ይመስላታል፤ እኔም ይህንን እረዳዋለሁ። ግን ታናሽ እህቷ በወሊድ ተይዛ በቃሬዛ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲያስሄዷት ደብረ ታቦር ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞታለች። ያን ሌሊት ፍጥነት ከማናቸውም ጸሎት በላይ ያስፈልግ ነበር፤ እናቴም ይህንን ስትናገር ድምፅዋ ይሰበራል። ፍጥነት የተሰጠን ለዚህ ነው። በቃሬዛ ያለችውን ሴት ጥሎ ለሚያልፍ ባቡር ግን ፍጥነቱ ለእሷ ምኗም አይደለም።

እንደ ገና አሰመርን። ሐሙሲት ላይ፣ ወረታ ላይ፣ አዲስ ዘመን ላይ፣ ማክሰኝት ላይ መቆሚያ አደረግን። ሬዲየሱን ከ2,800 ወደ 1,200 ሜትር ብናወርደው መስመሩ ደኖቹን መዞር እንደሚችል አሰላሁለት፤ ፍጥነቱ ግን ወደ 160 ወረደ። ልጁ አኮረፈ። «ጋሼ፣ በ160 ማንም አይመርጠውም። የስዊዘርላንዱን እኮ ነው የሚያስቡት።» እውነቱን ነው፤ ላይመርጡት ይችላሉ። እኔ የማውቀው እሱ ሁለት ሌሊት ሙሉ ከአንዱ ደን ወደ ሌላው እየዞረ፣ እያንዳንዱን በእጁ እንደ ዳበሰ ነው።

ነገር ግን የዚያ የተመለሰው ደን ነገር አልለቀቀኝም። ያለን የመሬት ከፍታ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው ነው፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ። ሐዲዱ ከዛፎቹ ጠርዝ በሃምሳ ሜትር ነው የሚያልፈው። ጠርዙ ግን ዛፉ የሚያልቅበት ነው ወይስ ቅጥሩ? ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሐሙሲት ወረድንና አርባ ደቂቃ በእግር ሄድን። ከሩቅ ሲታይ ደኑ ጥቁር ነው፤ ሲቀርቡት ወይራው፣ ጥዱ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ለየብቻ ይለያል። ቅጥሩ ዘንድ አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልመን ለምን እንደመጣን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉን። «አይመጣም አባ፤ ሐሳብ ነው» አልኩ። «እህ፤ ታዲያ በሐሳባችሁ መቃብሩን አትርገጡብን» ብለው በመቋሚያቸው ወደ ምዕራብ አሳዩን።

ከዛፎቹ ወዲያ፣ ሳተላይቱ እርሻ አድርጎ በሚያሳየው ሣር ውስጥ፣ የተደረደሩ ድንጋዮች ነበሩ። አንዳንዱ ሰምጦ ጫፉ ብቻ ይታያል። ልጁ ጫማውን አወለቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ከመጨረሻው ዋንዛ ተነስቶ በድንጋዮቹ መካከል እየተጠነቀቀ እርምጃ መቁጠር ጀመረ። የመጨረሻው መቃብር ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ስድሳ ሦስት!» አለኝ ከወዲያ ማዶ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።