ብቻውን ወደ ሩቅ ከተማ ለሚሄድ ሰው

ወዳጄ ሆይ፥ ከተወለድህበት አገር ተነሥተህ ማንም ወደማያውቅህ ስፍራ ብቻህን ልትሄድ ብታስብ፥ ሁለት ከተሞችም በፊትህ ቢቀርቡልህ፥ በምን ሚዛን ትመዝናቸዋለህ? ብዙዎች ይህ የኑሮ ነገር ነው እንጂ የጠባይ ነገር አይደለም ይላሉ። እኛ ግን የጠባይም ነገር ነው እንላለን።

በጎንደር ያደገ አንድ ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ በድሬዳዋም በሐዋሳም የሂሳብ ሥራ አገኘ እንበል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ለደገኛ ይከብዳል፤ በገበያዋም ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ፥ አማርኛና ሐረሪኛ ይሰማል። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ፥ በሐይቅ ዳር ያለች ናት፤ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተባት ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣቶች አንድ ክፍል እየተጋሩ ኖረውባታል።

ወጣቱ አስቀድሞ ደመወዙን ቢመዝን ነውር አይደለም። ነገር ግን የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ቀንሶ የሚተርፈውን፥ ለእናቱም የሚልከውን ያስላ። ቀጥሎ ልቡን ይመርምር። ወደ ሥራ መሄዱ ነውን? ወይስ ከተጣላው ወንድሙና ካልከፈለው ዕዳ መሸሹ? ለሚሸሽ ሰው ሁለቱ ከተሞች አንድ ናቸው፤ የሸሸው ነገር ተከትሎት ይደርሳልና።

ሎጥ ከአብርሃም በተለየ ጊዜ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ በዓይኑ አይቶ መረጠ፤ የጎረቤቶቹን ጠባይ ግን አልመዘነም። ዛሬም የሐይቁን ነፋስ ወይም የገበያውን ትርፍ ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው እንዲሁ ያደርጋል።

ሰው በአገሩ ሳለ ከክፉ የሚጠብቀው ሕሊናው ብቻ አይደለም። አጎቱ ያየዋል፤ ጎረቤቱም ወዴት አመሸህ ብሎ ይጠይቀዋል። በባዕድ ከተማ ግን ጠያቂ የለውም፤ ይህንም በመጀመሪያ አርነት ይለዋል። በታመመ ቀን ግን ውኃ የሚያቀብለው ያጣል፤ በተሳሳተ ቀንም የሚገሥጸው አያገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ይህን ይጠይቅ፦ ሁለት ቀን ብጠፋ በሬን የሚያንኳኳ ሰው በየትኛው ከተማ አገኛለሁ?

እውነቱን የሚነግረው አንድ ሰው በአንደኛው ከተማ ካለው፥ ያ ሰው ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል። ወደ መጠጥ ቤት ብቻ የሚጠራው ከሆነ ግን ስለ እርሱ ብሎ አይሂድ።

በሁለቱም ማንም ከሌለውስ? እንግዲያውስ ጎረቤትን ራሱ ሊያፈራ ይገባዋል። ቤት በተከራየ ሰሞን የሰፈሩን ዕድር ይጠይቅ፤ ሥርዓቱ ከፈቀደለትም ይግባ። ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን መትከል፥ ወንበር መሸከም፥ ከኀዘንተኛ ጋር መቀመጥ ነው። የሌላውን ኀዘን ያልደረሰ ሰው በራሱ ኀዘን ቀን ብቻውን ቢቀር በማን ይፈርዳል?

ከመረጠም በኋላ ወደ ኋላ አይመልከት። በድሬዳዋ ሙቀት ተቀምጦ የሐዋሳን ሐይቅ የሚመኝ፥ በሐዋሳም ሆኖ የድሬዳዋን ንግድ የሚያስብ፥ በሁለቱም አልኖረም። ከተማ በአንድ ቀን ይመረጣል፤ ጎረቤት ግን በብዙ ዓመት ይገኛል። እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ የት እኖራለሁ ብለህ በጠየቅህ ጊዜ፥ ለማን ጎረቤት እሆናለሁ ብለህም ጠይቅ።