የሚያውቀን ሰው በሌለበት ከተማ

ከልጆቻችን አንዱ ወይም አንዲቱ ወደ ሩቅና ታላቅ ከተማ ለመሄድ ሲነሡ በቤት ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቤት ኪራዩ ስንት ነው? ሥራ ይገኛልን? ብርዱ እንዴት ነው? የሚቀበል ዘመድ አለን? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ብልህ አይባልም። ነገር ግን ከእነዚህ በኋላ የሚቀር፥ በሻንጣም በስንቅም የማይመለስ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሰው የሚያውቀው በሌለበት ስፍራ ሲኖር፥ በአገሩ ሳለ የነበረው ያው ሰው ሆኖ ይኖራልን? የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ለማሰብ እንወዳለን። አሳባችንም በነፋስ ላይ እንዳይቀር፥ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን አንድ ስፍራ፥ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚገኘውን ሁርሊንግሃም የተባለውን ሰፈር ምሳሌ እናደርጋለን።

ናይሮቢ ዕድሜዋ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ በረግረግ ሜዳ ላይ ያቆሙት ጣቢያ ነበረች። ስሟም በማሳይ ቋንቋ ከቀዝቃዛ ውኃ የመጣ ነው። ያ ጣቢያ አድጎ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ 4,397,073 ሰዎች ተገኝተውበታል። ሁርሊንግሃም ከመካከለኛው ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዙሪያ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የእንግሊዝ ስም ነው፤ በለንደንም እንዲሁ የሚባል ስፍራ አለ። በቅኝ አገዛዝ ዘመን በዚያ ወገን ያለው ነፋሻ ምድር የአውሮፓውያን መኖሪያ ሲሆን፥ አፍሪካዊው ሠራተኛ በከተማው ምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች እንዲያድር ይገደድ ነበር። ዛሬ መንገዱ የሚጠራበት አርግዊንግስ ኮድሄክ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ያረፈ፥ ጠበቃና ሚኒስትር የነበረ ኬንያዊ ነው። እንግዲህ የአገሩ ልጆች ራሳቸው በዚህ ሰፈር እንግዶች የነበሩበት ጊዜ እንደ ነበረ ማስታወስ መልካም ነው።

ወገኖቻችንም ወደ ኬንያ የሄዱት በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ብዙዎች ድንበሩን ተሻግረው በሰሜን ኬንያ በኢሲዮሎ በስደተኞች ሰፈር ተቀምጠዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፥ ደግሞም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሌሎች ተከተሏቸው። ከዚያም ወዲህ የሚነግደው፥ የሚማረው፥ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረው፥ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በዚያች ከተማ ይገኛል። በሁርሊንግሃምና በአጠገቡ ባለው በኪሊማኒ እንጀራ የሚቀርብባቸው፥ ቡና የሚፈላባቸው የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች አሉ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰውም አማርኛ መስማቱ አያስደንቀውም።

በመጀመሪያ ሥጋ የሚያገኘውን እንናገር። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም ከፍ ባለ ምድር ላይ ስላለች፥ አየሯ ለደገኛ ሰው አይከብድም። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ እንነዳ ነበር። ስለዚህ መንገድ የሚሻገር አዲስ መጪ አስቀድሞ ወደ ቀኙ መመልከትን ይልመድ፤ ይህ ቀላል የሚመስል ምክር ሕይወትን ያተርፋል። ሕዝቡ የሚሳፈርበት ትንሽ አውቶቡስ ማታቱ ይባላል። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ኤም-ፔሳ በተባለው አገልግሎት ገንዘብ በእጅ ስልክ ስለሚተላለፍ፥ ጎመን የምትሸጠው ሴት እንኳ ዋጋዋን በስልክ ትቀበላለች። ያም ጎመን ሱኩማ ዊኪ ይባላል፤ ትርጕሙም ሳምንቱን ግፋ ማለት ነው፤ ድሀው ከበቆሎ ገንፎ ጋር እየበላ ሳምንቱን ይገፋበታልና።

ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ። በስዋሂሊ ቋንቋ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል እነርሱም አንድ ሰዓት ይላሉ። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያንኑ ሰዓት ሰባት ይሉታልና፥ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ይጠይቅ። ቃላቱም ቢሆኑ ፈጽሞ ባዕዳን አይደሉም። ደምን ዳሙ፥ ምስኪንን ማስኪኒ፥ በረከትን ባራካ፥ ሃምሳን ሃምሲኒ ይላሉ። ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባው ቃልና የእኛ ቃል ከአንድ የሩቅ ሥር የወጡ ናቸውና፥ ልቡን ከፍቶ የሚያደምጥ እንግዳ በባዕድ አፍ ውስጥ ዘመድ ያገኛል።

ይህን ሁሉ ሥጋ በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ነፍስ የምታገኘው ግን ሌላ ነው። በአገር ቤት ሰው ከደጁ ሲወጣ ሰላምታ ይቀበለዋል፤ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ አዝመራው ሳይጠየቅ አያልፍም። በሁርሊንግሃም ግን ግቢው በረጅም አጥር የታጠረ ነው፤ በበሩም በስዋሂሊ አስካሪ የሚባለው ዘበኛ ቆሟል። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመት ሊሞላቸው ይችላል። አዲስ መጪው ይህ ዝምታ ጥላቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። በቀን ሺህ ሰው የሚያገኝ ሰው ሺህ ጊዜ ደኅና ዋላችሁ ለማለት ስለማይችል ዝም ይላል።

በዚህ ዝምታ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይገለጣል። በአገራችን ሳለን ብድራችንን የምንመልሰው ታማኞች ስለ ሆንን ነውን? ወይስ ዋሳችን ጎረቤታችን ስለ ሆነና ሽማግሌዎች ስለሚጠሩን? ከስካር የምንርቀው ራሳችንን ስለምንገዛ ነውን? ወይስ የአባታችን ስም በክፉ እንዳይነሣ ስለምንፈራ? ሁለቱ አብረው ሲኖሩ እኛው ራሳችን አንለያቸውም። የጭቃ ቤት ግድግዳ ቆሞ ሳለ የያዘው ማገሩ ይሁን ምርጊቱ አይታወቅም፤ ዝናቡ ምርጊቱን ሲያጥበው ግን ማገሩ ምን ያህል እንደ ጸና ይታያል። ታላቅ ከተማም እንዲሁ ነው። መልካም ሰው አያበላሽም፥ ክፉውንም አያቀናም፤ ከመልካምነታችን የእኛ የሆነው ምን ያህል፥ የመንደራችንም የሆነው ምን ያህል እንደ ነበር ለይቶ ያሳየናል። ዮሴፍን እናስብ። በጲጥፋራ ቤት ሳለ አባቱ አላየውም፤ ወንድሞቹም አልነበሩም፤ ቢበድል ወሬው ወደ ከነዓን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ቢሆንም በግብፅ ያደረገው፥ አባቱ ቢያየው ኖሮ የማያሳፍረውን ነበር።

ይሁን እንጂ የመንደርን ዐይን ብቻ ብናመሰግን እውነቱን አጕድለን እንናገራለን። ያው ዐይን ስንቱን ሰው አድቅቋል! በደጋው አገራችን ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ፥ እህል የሚያበስሉበትን ድስትና መሬት የሚያርሱበትን ማረሻ ከእጃቸው የሚቀበል ሕዝብ ከማዕዱ አርቋቸው ኖሯል። እንዲህ ካለ ቤት የተወለደ ልጅ ወደ ናይሮቢ ቢሄድና ማን እንደ ሆነ አባቱንም ማንም ባይጠይቀው፥ ለእርሱ የከተማው ዝምታ ዕረፍት አይሆንለትምን? ትዳሯ የፈረሰ፥ ስሟም በየደጁ የተነሣ ሴትስ? ስለዚህ አለመታወቅ በራሱ ክፉ አይደለም። የተከፈተ በር ነው፤ አንዱ ከውርደት ያመልጥበታል፥ ሌላውም ከኀላፊነት ያመልጥበታል።

በዚህ በር የሚገቡት ብዙዎች ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃሉ። አንዱ ሰው መንደሩን በልቡ ይዞ መጥቶ በሁርሊንግሃም ያጥረዋል። የሚበላው ከወገኑ ጋር፥ የሚያወጋው ከወገኑ ጋር ነው፤ አሥር ዓመት ተቀምጦ የአንድ ኬንያዊ ጎረቤት ስም አያውቅም፤ ሳያውቃቸውም ያማቸዋል። ከወገን ጋር መሆንስ መልካም ነው፤ እንግዳን በመጀመሪያው ሌሊት የሚያሳድረው የአገሩ ልጅ ነውና። ነገር ግን የአገር ልጅ መሆን ብቻውን የታማኝነት ዋስ አይሆንም። አዲስ መጪውን በቋንቋው አባብሎ፥ መንገድ አሻግርሃለሁ፥ ወረቀት አወጣልሃለሁ ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሰወር ደላላ በየስደቱ ከተማ ይገኛል። ሌላው ሰው ደግሞ የአገሩን ልጆች ይሸሻል፤ ማንም እንዳይመሰክርበት ከማንም ጋር አይጣበቅም፤ ቤት በየጊዜው ይለውጣል፥ ዕዳውንም በኋላው ይተዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሆኖም አንደኛው የሚኖርበትን አገር ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ሁሉ በመሸሽ፥ በዙሪያቸው ላለው ባልንጀራ ተጠያቂ ከመሆን አምልጠዋል።

ሦስተኛም ፈተና አለ፤ በዚህ ግን የምንፈተነው እኛ በአገር ቤት የቀረነው ነን። የሄደው ልጅ በስልክ ሲናገር ሁሉ ደኅና ነው ይላል። በአንድ ክፍል ከሦስት ሰዎች ጋር እየኖረ ሰፊ ቤት እንዳለው ያስወራል፤ በሰው መኪና አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል። ለምን ይዋሻል? ብዙ ጊዜ እኛ እውነቱን ለመስማት ስለማንወድ ነው። ምን ላክህ? ብለን እንጠይቃለን፤ እንዴት ከረምህ? ብለን ግን አንጠብቅም። ጎረቤታችን ከልጁ ገንዘብ ተቀብሎ ቆርቆሮ ሲያለብስ ልጃችንን በእርሱ እንለካዋለን። እንዲህ ሲሆን ከልጅነቱ የሚያውቁት ሰዎች፥ እውነተኛ ምስክር ሊሆኑለት ሲገባ፥ የሐሰቱ ተመልካቾች ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በዚያም በዚህም የሚያውቀው ሰው የለውም። ከዚህ የሚብስ ብቸኝነት ምን አለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ? መልሱ ብቻውን ጸንቶ የሚቆም ጀግና መሆን አይመስለንም፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው። የሚሻለው በአገር ቤት ሳይመርጠው ያገኘውን ምስክር፥ በከተማ ወድዶ መፈለግ ነው። አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ነበር። እድር የጥንት የገጠር ልማድ ይመስለናል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች፥ የሚቀብራቸው ዘመድ በአጠገባቸው ስላልነበረ፥ ያቋቋሙት ነው ይላሉ። ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው እርስ በርሳቸው ተጠያቂ ሆኑ። በናይሮቢም ያለ ወገን ሲታመም የሚጠይቁት፥ ሲያጠፋም የሚወቅሱት ሰዎች ይኑሩት፤ ለእነርሱም የኪሱን እውነት ይንገራቸው።

ነገር ግን ይህ በወገን ብቻ እንዳይቀር፥ የናይሮቢ ሰው ራሱ ከሩቅ የመጣ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኦቲኤኖ የተባለ የታወቀ ጠበቃ የት ይቀበር በሚል ኬንያ ሁሉ ተከራክራ ነበር። ሚስቱ በናይሮቢ አቅራቢያ በነበራቸው እርሻ ልትቀብረው ወደደች፤ ጎሣው ግን በአባቶቹ ምድር በምዕራብ ኬንያ ይቀበር አለ፤ ፍርድ ቤቱም ለጎሣው ፈረደ። ዕድሜውን በከተማ የኖረው የሕግ ሰው እንኳ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ አከራከረ! እንግዲያስ በበሩ የቆመው ዘበኛ፥ ጎመን የምትሸጠው ሴት፥ የማታቱው ረዳት እነዚህ ሁሉ እናትና መንደር በሩቅ ያላቸው እንግዶች አይደሉምን? እንግዳ ለእንግዳ ጎረቤት ለመሆን የሚያንሰው ቋንቋ አይደለም፤ የዘበኛውን ስም ለመጠየቅ የግማሽ ደቂቃ ድፍረት ይበቃል። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልትም እንዲተክሉ፥ ለዚያችም ከተማ ደኅንነት እንዲጸልዩ መክሯቸዋል። በዚያን ጊዜ ባቢሎን የማረከቻቸው ከተማ ነበረች፤ ናይሮቢ ግን ያስጠለለችን ናት።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ሊሄድ ሲነሣ ስንቁን ስታዘጋጁ ይህንም አብራችሁ ስጡት፦ እውነቱን ቢነግራችሁ እንደማታፍሩበት ቃል ግቡለት። ቢቸገር ተቸገርሁ፥ ቢሳሳት ተሳሳትሁ ብሎ የሚደውልበት አንድ ቤት ይኑረው። የምትሄዱትም፥ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሰዎችን ስም እወቁ፤ አንዱ የአገራችሁ ልጅ፥ ሌላው የዚያ አገር ልጅ ይሁን፤ ስማችሁንም በእውነት ንገሯቸው። መንገዳችሁ የቀና ይሁን፤ የሚያስጠልሏችሁንም እግዚአብሔር ይባርክ።