ሳቃችን ያባረራቸው ሰጋጅ

ርዕሰ ጉዳዩ ለጋዜጣ የሚያሳፍር ይመስላል። ይሁን እንጂ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በኹጥባቸው ላይ ያነሱትን ነገር እኛ በዚህ ዓምድ ብናነሳው ነውር የሚሆን አይመስለኝም።

ባለፈው ረመዷን በሰፈራችን መስጊድ ለተራዊሕ ቆመናል። የፊጥራው ሾርባና ሳምቡሳ ገና ከሆዳችን አልወረደም። ወደ ሱጁድ ስንወርድ ከፊታችን ካለው ሶፍ አንድ አዛውንት አየር አመለጣቸው፤ ድምፁም ተሰማ። ከኋላ የነበሩት ልጆች ወዲያው ፈነዱ። ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ትላልቅ ሰዎችም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከንፈሬን ብነክስ አልሆነልኝም፤ ሳቄ አመለጠኝ። አዛውንቱ ውዱእ ለማድረግ እንኳ ከሶፉ ለመውጣት አፍረው፣ ኢማሙ እስኪያሰላምቱ አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያም ጫማቸውን አንስተው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን ቦታቸው ባዶ ነበር።

ዐብደላህ ኢብን ዘምዓ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ኹጥባ ሦስት ነገሮችን አንስተዋል። የነቢዩ ሷሊሕን ግመል የገደለውን የሰሙድ ሰው አነሱ። ሚስቱን እንደ ባሪያ ገርፎ ማታ አብሯት የሚተኛውን ወቀሱ። ቀጥለውም ሰው አየር ሲያመልጠው የሚስቁትን፣ ራሳችሁ በምታደርጉት ነገር ስለምን ትስቃላችሁ በማለት ገሰጹ። ከምን ከምን ጋር አብሮ እንደተነሳ ልብ በሉ! እኛ እንደ ቀልድ ያለፍነው ነገር ነው።

ነገሩ በፊቅህ በኩል ሲታይ ደግሞ ይብሳል። በሶላት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ የሳቀ ሰው ሶላቱ ተበላሽቷል፤ በዚህ ዑለማዎች አይለያዩም። በሐነፊ መዝሀብ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሶላቱ ውስጥ ካስካካ ውዱኡም ይፈርሳል፤ በሻፍዒይ መዝሀብ ግን አይፈርስም። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ አላቸው። እንግዲህ ከመካከላችን ሐነፊ የሆነው ሳቂ ልክ እንደ አዛውንቱ ውዱእ የሌለው ሰው ሆኗል ማለት ነው። በአማርኛችን «የፈሲታ ተቆጢታ» እየተባለ ጥፋቱ ሁልጊዜ ለአንዱ ወገን ይሰጣል። በዚያ ምሽት ግን ጥፋተኞቹ እኛ ነበርን።

ሸሪዓችን የሰውን ገመና እንዴት እንደሚሸፍን ተመልከቱ። በሶላት ላይ ውዱኡ የፈረሰበት ሰው አፍንጫውን ይዞ እንዲወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ ሰዎች ነስር የያዘው መስሏቸው እንዲያልፉት ነው ይላሉ። አየር መቆጣጠር የማያስችል ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ በመካከል የሚወጣው ሶላቱን አይጎዳበትም። ይህን ሳያውቁ በሐፍረት ከጀመዓ የቀሩ ስንት አዛውንቶች ይኖሩ ይሆን?

በ237 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የበልኹ ሓቲም «አል-አሶም» ይባላሉ፤ ደንቆሮው ማለት ነው። አንዲት ሴት ጥያቄ ልትጠይቃቸው ቀርባ ሳለ ድምፅ አመለጣትና በሐፍረት ደነገጠች ይባላል። እርሳቸውም ጆሯቸውን አዘንብለው ጮክ ብላ እንድትናገር ነገሯት። ሰውየው አይሰሙም ብላ ተጽናናች። ስሙም በዚያው ጸናባቸው።

በሳምንቱ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ከመግሪብ በኋላ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላልን። ስለዚያ ምሽት ማናችንም አላነሳንም። እርሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው «ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ነው የቀረሁት» አሉን።

«አላህ ያሽርዎ አባባ፤ እኛም ጉልበትዎ ነው ብለን ሰግተን ነበር» አልናቸው።

ለዒሻእ አብረን ወጣን።