ነውሩ የማን ነው?



«ነውር» የሚለው ቃል በወሎ ቤተሰብ ዘንድ ከዱላ ይልቅ የሚያስተምር ቃል ነው። ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዳይባልግ፣ ጎረቤትም የጎረቤቱን ገመና እንዳያወጣ የሚገታው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልካም ቃል አንዳንድ ጊዜ በማይገባው ሰው ላይ ይወድቃል። አንዲት ወጣት በአለቃዋ ትንኮሳ ወይም በመንገድ ላይ ለከፋ ክብሯ ሲነካ፣ አንገቷን የምትደፋው እርሷ ትሆናለች፤ በዳዩ ግን ቀና ብሎ ይሄዳል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊቷ ታራና በርክ ከዓመታት በፊት የጀመረችው «እኔም» የተሰኘ የተጠቂዎች ድምፅ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በዚያ የተናገሩት ዝነኛ ተዋንያትና በዚህ በስፌት መኪና ፊት የተቀመጠችው ልጅ በኑሮ አይገናኙም፤ የሁለቱም እንጀራ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ከገጠር መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖርና ከደመወዟ ቀንሳ ለወላጆቿ የምትልክ ሠራተኛ፣ እንቢ ብትል ሥራዋን እንደምታጣ ከፈራች ዝም ትላለች። ይህን ዝምታ ፈቃድ ብሎ መተርጎም ሌላ በደል ነው።

ሕጋችንም ይህን የተገነዘበው ዘግይቶ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የጠለፈ ወይም የደፈረ ሰው ተበዳይዋን ካገባ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። የቤተሰብ ገመና ተሸፈነ ይባል ነበር፤ የተሸፈነው ግን በዳዩ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ አስቀረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ የሚፈጸምን ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት በግልጽ ከልክሏል።

«በሐሰት ብትከስስሳ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በትንቢተ ዳንኤል በሶስና ታሪክ ይገኛል። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሶስናን «እሺ ካላልሽ እንከስሻለን» ብለው አስፈራሩአት፤ እንቢ ባለች ጊዜም በሐሰት ከሰሷት። ሕዝቡ ስለ ሽምግልናቸው ብቻ አመናቸው። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻ ጠየቃቸው፤ ውሸታቸውም ተገለጠ። ፍትሕ የሚጀምረው ከማዕረግ በፊት ቃልን ከመመርመር ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በሚባልበት ሸንጎ ሶስና ባልዳነች ነበር።

ይህ ሚዛን ቤተ ክርስቲያንንም ይመዝናል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ፣ ካህናትና ገዳማውያን ያወቁትን ወሲባዊ በደል ለቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን እንዲያስታውቁ አስገድደዋል። ለቤት ክብር ሲባል በደልን መደበቅ ቤቱን አያስከብርም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በአማራ፣ በትግራይና በአፋር የተደፈሩ ብዙ እኅቶች ዛሬም ከቁስላቸው ይልቅ የጎረቤትን ሹክሹክታ ይፈራሉ። እንግዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ብትገባ፣ «በዚያ ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?» ከማለታችን በፊት እናስቀምጣት፤ እንስማት። ነውሩን ከእርሷ ላይ አንሥተን ለባለቤቱ መመለስ የእኛ ፈንታ ነው።